የወይዘሮ አንጓች ዳስና የእኔ ነጭ ፎጣ

የእኛ አገር ሰው ጨዋነት ከመዳፉ ይጀምራል። ሳል ሲይዘው ፊቱን ዘወር አድርጎ አፉን በመዳፉ ይከድናል፤ ይህ ጨዋነት ነው። ሳሉ ሲያባራለት ያንኑ መዳፍ ዘርግቶ ይጨብጣችኋል፤ ይህም ጨዋነት ነው። እናንተም እጁን ሳትለቁ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ በየተራ ትጠይቁታላችሁ፤ ለመልቀቅ መቸኮል ንቀት ይመስላልና። ሦስት ቀን ቆይታችሁ በተራችሁ ስታስሉ ጥፋቱን በደብረ ማርቆስ ብርድ ታሳብባላችሁ። ብርዱ ምስኪን ነው። አፍ ስለሌለው ስንቱን ኃጢአታችንን ተሸክሞልናል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። «ተላላፊ በሽታ በምን በምን ይተላለፋል?» ብዬ ስጠይቅ ተማሪዎቼ በትንፋሽ፣ በተበከለ ውሃና ምግብ፣ በንክኪ፣ በነፍሳት እያሉ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ይዘረዝሩልኝ ነበር። ደወል ሲደወል ግን ተጋፍተው ወጥተው በአንዲት ጣሳ ሠላሳ ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። ጥፍሩን ላልቆረጠ ተማሪ ነጥብ እቀንስ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነጥብ የምቀንስበት መዝገብ ስለሌለኝ ጎረቤቶቼን በቃል እገሥጻለሁ። በሰፈሩ የምወደድ ሰው ነኝ ማለት ባልችልም የምከበር መሆኔን አልጠራጠርም ነበር፤ እስካለፈው ግንቦት ድረስ።

ባለፈው ግንቦት ጎረቤታችን ወይዘሮ አንጓች ልጃቸውን ትዕግሥትን ለአማኑኤል ከተማ ሰው ሊድሩ ደገሱ። የትዕግሥት አባት የሞተው እርስዋ ገና ጡት ሳትጥል ስለ ሆነ እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት አጎቷ ሙላት ነው። ሙላት በሥራ ዘመኑ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከእኔ ጋር እኩያሞች ነን፤ ጠባያችን ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ እኔ ሳላስበው አልስቅም፣ እርሱ ሳያስበው ያስቃል። ይህ ሰው በሠርጉ ዕለት በአባት ወንበር ተቀምጦ፣ ሙሽራይቱ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ስትስም መርቆ ሊሸኛት ልጅነቷን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረ ነው። ሱፉን ያሰፋው ገና ሽማግሌ ሲላክ ነበር።

ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀር ዳሱ ተጣለና ጎረቤቱ ሁሉ ለሥራ ተሰበሰበ። እኔም ከዘራዬን ይዤ ልቆጣጠር ሄድሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ሴቶቹ እጃቸውን ይታጠቡና በቀሚሳቸው ጠርዝ ይጠርጋሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ በሱሪያቸው። ሽንኩርቱና ሥጋው በዚህ እጅ ሊከተፍ ነው። ወዲያው ቧንቧ ያለው በርሜል አስመጣሁ፤ ሳሙና አስቀመጥሁ፤ በዳሱ ምሰሶ ላይ ምስማር መትቼ፣ ትልቁ ልጄ ከባሕር ዳር ያመጣልኝን፣ ጥግ ላይ ቀይ አበባ የተጠለፈበትን ወፍራም ነጭ ፎጣ ሰቀልሁ። ከዚያም አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና ያልታጠበና ያልተጠረገ እጅ ቢላዋ እንዳይነካ ደነገግሁ።

ሰው ታዘዘኝ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ታዘዘኝ። ፎጣው ለስላሳ ስለ ነበር እጁን ሊጠርግ የመጣው ሁሉ ፊቱንም አንገቱንም አብሶ ይሄዳል። በቀን ሃያ የሚሆን ሰው እየተፈራረቀ ይጠርግበታል፤ ማታ እዚያው ይሰቀላል፤ ጠዋት እዚያው ይጠብቀናል። እኔ በኩራት እመለከተው ነበር። ነጭ ነው፤ ነጭ ነገር ደግሞ ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል።

በአራተኛው ቀን ሙላት ዓይኖቹ እንደ በርበሬ ቀልተው፣ ሽፋሽፍቱ ተጣብቆ መጣ። እንጨት ሲፈልጥ ጉድፍ ገብቶበት እንደ ሆነ ተናገረ። በማግሥቱ ሁለት ሽንኩርት ከታፊዎች ቀሉ፤ ሽንኩርቱ ተወቀሰ። ቀጥሎ ወይዘሮ አንጓች ራሳቸው ቀሉ፤ እንቅልፍ ማጣት ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን የቀላው ሰው ከሰበቡ በዛ። ሴቶቹ ተማክረው የዓይን ሕመም የሚይዘው የታመመን ዓይን በማየት ነው አሉና ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መነጋገር ጀመረ። ጥቁር መነጽር ያለው መነጽሩን አደረገ፤ የሌለው ነጠላውን ቅንድቡ ድረስ አወረደ። «ጨው አቀብዪኝ» የምትለዋ ሴት ጨው የምትቀበለው በዳሰሳ ሆነ።

ይህን ጊዜ ተነሥቼ ማብራሪያ ሰጠሁ። ተሕዋስያን በእይታ ተሳፍረው እንደማይሄዱ፣ የሚሄዱት በእጅና በንክኪ መሆኑን በሚገባ አስረዳሁ። ትክክል ነበርሁ። ትክክል መሆኔን በማወቄም ትልቁን ስሕተት ሠራሁ፤ በክፍል ውስጥ ፉጨት ሲሰማ አደርግ እንደ ነበረው «መጀመሪያ የጀመረው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ወደ ሙላት ዞረ፤ ዓይኑን ላለማየትም ፈጥኖ ተመለሰ። እኔም ሙላት ወደ ዳሱ እንዳይደርስ ፈረድሁ። ሴቶቹ ፍርዴን አራዘሙት፤ በሠርጉም ዕለት ቢሆን ሙሽራይቱ እዚህ ሰው ጉልበት ላይ ጎንበስ ማለት የለባትም፤ በአባት ወንበር መምህሩ ይቀመጡ አሉ። አልለመንሁም። እንቢም አላልሁም።

ሙላት አልተከራከረም። መነጽሩን አስተካክሎ «እሺ መምህር፣ ወንበሩን ውሰድ» አለኝ። «ሱፉን ግን አላውስህም፤ አንተ ላይ ድንኳን ይሆናል።»

ይህን ብሎ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ቤቱ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳሱ ውስጥ የፈተና አዳራሽ ዝምታ ወረደ። ትዕግሥት ወደ ወንበሬ መጥታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ጋሼ፣ አባባ ሙላት ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላኝ ሄደች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከፍ ብታደርግ ኖሮ እገሥጻት ነበር።

የሚገርመው ጥፋተኛው ቤቱ ተዘግቶበት ሳለ በሽታው በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰው መጨመሩ ነው። መንሥኤው ተወግዶ ውጤቱ ከቀጠለ መንሥኤው ሌላ ነው፤ ይህን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። እኔ ግን ሳሙና ጨመርሁ።

በዚህ መካከል ሲስተር ዘሃራ ከደብረ ኤልያስ የመስክ ሥራ ተመለሰች። የወሎ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት፤ ከወይዘሮ አንጓች ግቢ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ማን እንደ ጀመረው ማንንም አልጠየቀችም። ቀይ ዓይኖችን በየተራ አየች፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰው ሲታጠብና ሲጠርግ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተመለከተች። ቀጥላ ወደ እኔ መጣችና ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፦

«ጋሼ፣ ይህ ፎጣ ስንት ጊዜ ተቀየረ?» አለችኝ።

«ነጭ ነው እኮ» አልኋት።

ዝም አለች። እኔም ተማሪ መልስ ሲስት ዝም እል እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ የታመመ ዓይን ፈሳሹ ወደ እጅና ወደ ፎጣ ይሄዳል፤ እርጥብ ፎጣ ያቆየዋል፤ ቀጣዩ ሰው በንጹሕ ውሃ የታጠበ ፊቱን ይዞ ይመጣና ይረከበዋል። ውሃውና ሳሙናው ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል፤ የሠሩትን ያፈረሰው ምስማሩ ላይ ያለው ነው። ታዲያ ያመጣው ሙላት አይደለም ወይ ብዬ የሞት ሞቴን ጠየቅኋት።

«ማን እንዳመጣው አላውቅም ጋሼ። በየት በኩል እንደ ሄደ ግን ይኸው። እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ እርስዎን ይሰማሉ።»

እውነቱን ልንገራችሁ። ፎጣውን ከምስማሩ አውርጄ፣ ልብስ አጣቢ መስዬ፣ ወደ ቤቴ ጥቂት እርምጃ ተራምጄ ነበር። ማንም አይጠይቀኝም፤ በሽታው ይቆማል፤ ስሜ ይተርፋል፤ ወንበሩም የእኔ ይሆናል። ነገር ግን በአጥሩ በላይ የሙላት ሱፍ በገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። ፀሐይ ተሕዋስያንን ትገድላለች ብዬ ያስተማርሁት እኔው ነኝ። እንዳይመጣ የተከለከለ ሰው ምናልባት ቢፈቀድልኝ ብሎ ሱፉን ፀሐይ ያስመታል። ተመለስሁ።

«በሙላት ላይ የፈረድሁት በስሕተት ነው» አልሁ ቆሜ። «በሽታውን ያዞረው ይህ ፎጣ ነው። የሰቀልሁትም እኔ ነኝ።»

ከሽንኩርት ከታፊዎቹ አንዷ ቀና ሳትል «እንግዲያ መምህር፣ በቀሚሳችን ስንጠርግ ደኅና ነበርን በሉና» አለች። ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። ቀሚሱም ልክ እንዳልሆነ፣ የታጠበ እጅ አራግፎ በነፋስ ማድረቅ ወይም እያንዳንዱ የራሱን ጨርቅ መያዝ እንዳለበት ላስረዳ ሞከርሁ፤ ሰሚ አላገኘሁም። ከኀፍረት የተነሣ ፊቴን ላብ አጠመቀው። ጠረግሁት። በምን እንደ ጠረግሁት ለጊዜው አትጠይቁኝ።

እጄን ታጥቤ ወደ ሙላት ቤት ሄድሁ። በሩ ላይ አስቆመኝና መነጽሩን አውልቆ «የመጣህበትን ጉዳይ ዓይኔን እያየህ ተናገር» አለኝ። እያየሁ ተናገርሁ። እርሱም ዓይኑ እስኪሽለው ዳሱን በአጥር በላይ እንደሚቆጣጠር አስታወቀ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮም ቀልዱ በአጥሩ እየዘለለ ይመጣልን ጀመር።

ባለቤቴ ፎጣውን ቀቅላ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በመቀስ ቆራርጣ ጠርዙን ሰፋችና ለየሰው አንዳንድ ቁራጭ አደለች፤ ጥልፍ ያለበት ቁራጭ ለሙላት ደረሰው። ላልደረሳቸው ከሌላ ጨርቅ ተጨመረ። ምስማሩ ተነቀለ። የታመሙት ትራሳቸውን ለዩ፤ ዓይናቸውን ማሸት ተዉ፤ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ከጤና ጣቢያ ጠብታ አመጡ። ሰላምታውም መጨባበጡና መሳሳሙ ቀርቶ በሩቁ እጅ መንሣት ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ዓይን ሁሉ ነጣ።

ሁሉ አልሁ? ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው የእኔ ዓይኖች ተጣብቀው አልከፈት አሉ። ያ ላብ፤ ያ በእጄ የነበረ ፎጣ።

በራሴ ፍርድ መሠረት ቤቴ ተቀመጥሁ። የሠርጉ ዕለት ከበሮውን ከመኝታ ቤቴ ስሰማ ሙላት ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ቀይ አበባ ያለባትን ቁራጭ በደረት ኪሱ ሰክቶ ብቅ አለ። ጥቁር መነጽሩን በሩቁ አልጋዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

«በሳሙና ታጥቧል፤ አትመልስልኝም» አለ። «በማየት አይተላለፍም ያልህ አንተ ነህ። እጅህን ኪስህ ክተትና ውጣ።»

ወጣሁ። ከሰው ፈንጠር ብዬ ለብቻዬ ተቀመጥሁ፤ ለብቻዬ ሳህን በላሁ፤ ማንንም አልጨበጥሁ። ሙላት በአባት ወንበር ተቀመጠ። ትዕግሥት ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችው። ሊመርቃት አፉን ከፈተ፤ ያ ወሬ የማያልቅበት ሰው ግን ድምፁ አልወጣ አለው፤ ዓይኖቹም እንደገና ቀሉ።

ይህኛው መቅላት ከሙላት ወደ ወይዘሮ አንጓች፣ ከእርሳቸው ወደ ሽንኩርት ከታፊዎቹ፣ ከእነርሱ ወደ ዳሱ ሁሉ ለመድረስ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ንክኪ የለ፣ ትንፋሽ የለ፣ ፎጣ የለ፤ በማየት ብቻ። ለሴቶቹ አንድ ነጥብ ለመስጠት ተገደድሁ። እኔን በዚያች ሰዓት የያዘኝ የትኛው እንደ ሆነ ግን፣ ጥቁር መነጽር አድርጌ ስለ ነበር፣ ማንም አላወቀብኝም።