ነጭ ጨርቅ ያላችሁ ደብቁ

ጡረታ የወጣ ሰው አደገኛ የሚሆነው አዲስ ነገር የተማረ ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ ጋዜጣውን ያነባል፣ ፀሐዩን ይሞቃል፣ የዘመኑን ልጆች ይታዘባል፤ ለማንም አያሰጋም። አንድ ቀን ግን ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ ያያል። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ሰላም የለውም። እናንተም አንዱን ሳታውቁት አትቀሩም። አንዱ ንብ ማነብ ይጀምርና የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊቱ አብጦ ይሰነብታል። ሌላው ሰዓት መጠገን ይጀምርና በሰዓቱ ሥራ የሚገባ ሰው ይጠፋል። ለእኛ ሕንጻ የደረሰን ደግሞ በፕሪንተር ጨርቅ ላይ ፎቶ የሚያትሙ ሽማግሌ ናቸው።

እኚህ ክቡር ሰው የሚኖሩት ልክ ከእኔ ቤት በላይ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ስለነበሩ ሁላችንም ጋሼ ፈታኙ እንላቸዋለን። በከተማችን መኪና ከሚነዳው ሰው ግማሹን ፈተና ላይ ጥለውታል፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ደጋግመው ጥለውታል። እኔን የጣሉኝ መስታወት ሳላይ ቀርቼ አይደለም። አይቻለሁ። “ያየኸው ለጸጉርህ ነው እንጂ ለመንገዱ አይደለም” ብለው ነው። እውነታቸውን ነበር።

ልጃቸው አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ፕሪንተሯን “ለአንዳንድ ወረቀት ይሆናችኋል” ብላ ትታላቸው ሄደች። ፕሪንተሩ ግን ወረቀት የሚባል ነገር አላየም። ጋሼ ፈታኙ ያንን ቪዲዮ አዩታ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በወረቀት ልክ ትቆርጣለህ፣ እንዳይታጠፍ ከጀርባው ተለጣፊ ወረቀት ትለጥፍበታለህ፣ እንደ ማንኛውም ወረቀት ፕሪንተሩ ውስጥ ትከተዋለህ። በአንድ በኩል ባዶ ጨርቅ ይገባል፣ በሌላ በኩል አክስትህ ትወጣለች።

እሳቸው እጅ ሲገባ ግን ነገሩ ሥርዓት ሆነ። ጨርቁ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይተኮሳል። ከዚያ ሁለት መነጽር ደራርበው ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለችውን ክር ሁሉ በትንሽ መቀስ ይለቅማሉ፤ ፕሪንተር ክር ከዋጠ ታንቆ ይሞታል ይላሉ። በዚህ ሰዓት ማስነጠስ ክልክል ነው። ፎቶው ሲወጣ ደግሞ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጅ ተይዞ ወንበር ላይ ይጋደማል። ልትቀመጥ ስትል እጃቸውን ዘርግተው ያስቆሙሃል፤ “ተው፣ ቀለሙ ገና አልተኛም።” እዚያ ቤት ያሉት ወንበሮች በሙሉ ያልተኛ ቀለም ተኝቶባቸዋል። የምግብ ጠረጴዛውን ፕሪንተሩ ይዞታል። ስንት ጊዜ ሻይ ጠርተውኝ ግድግዳ ተደግፌ ጠጥቻለሁ።

መጀመሪያ ያትሙ የነበረው የሚወዱትን ነገር ነው፤ የመንገድ ምልክት። አልጋቸው ላይ ያለው ትራስ “መቆም ክልክል ነው” ይላል። ለባለቤታቸው ለእትዬ የወጥ ቤት ሽርጥ ላይ “ፍጥነት ቀንስ” አትመው አበረከቱላቸው። እትዬ ሽርጡን ለብሰው ምሳ አንድ ሰዓት ዘግይተው አቀረቡ፤ ሲጠየቁ ወደ ደረታቸው ጠቆሙ። ቀጥሎ ወደ ሰው ፊት ተሸጋገሩ። ለዘበኛችን የገዛ ፊቱን መሐረብ ላይ አትመው ሰጡት። ሰውየው ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞት ነበር፤ “እንዴት አድርጌ ራሴ ላይ ልናፈጥ?” እያለ አፍንጫውን በእጁ እየጠረገ ከረመ። ለእኔ የደረሰኝ የገበያ ቦርሳ ነው። ፎቶዬ በጣም ከማማሩ የተነሳ ሰው ሰላምታ የሚሰጠው ለቦርሳው ሆነ።

ታች ያለው ፀጉር ቆራጭ ደግሞ ደንበኞቹን የሚያለብሰው ጨርቅ ላይ የሱቁ ስም እንዲታተምለት ለመናቸው። ለትልቅ ጨርቅ ሌላ ዘዴ አለ፤ መጀመሪያ ልዩ ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይታተማል፣ ከዚያ በካውያ ጨርቁ ላይ ይተላለፋል። ጋሼ ፈታኙ በአንደኛው ዘዴ አስበው በሁለተኛው ስለሠሩት የሱቁ ስም ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን ከቀኝ ወደ ግራ ተጽፎ ወጣ። ቆራጩ አንገቱን አጣሞ ሊያነብ ሲታገል እሳቸው ቅንድባቸውን እንኳ አላነቃነቁም። “ደንበኛህ የት ነው የሚቀመጠው?” አሉት። መስታወት ፊት፣ አለ። “መስታወት ፊት የተቀመጠ ሰው በምን ያነባል?” ቆራጩ ጨርቁን ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆመ፤ ስሙ ቁልጭ ብሎ ተነበበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ፈታኙ ሳይሳሳቱ የቀሩበትን ሥራ ሁሉ “ተራ ሥራ” ነው የሚሉት።

ችግሩ ግን ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ያ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ከአንሶላ ግርጌ ነበር የሚመጣው። አንሶላው ቀስ በቀስ እያጠረ ሄዶ እትዬ “በዚህ ዕድሜዬ ቁመት ጨመርኩ እንዴ?” ብለው እግራቸውን መለካት ጀምረው ነበር። ነገሩ ሲገለጥ አንሶላው ተቆለፈባቸው፤ አደጋው ወደ ሕንጻው ወረደ። እኛም ነጭ ልብስ ውጭ ማስጣት ተውን። አንዲት ጎረቤታችን ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ደረጃ ላይ ካገኟት ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ነው የምታልፋቸው።

ሁለተኛው ችግር ውሃ ነው። የጋሼ ፈታኙ ሥራ እስኪታጠብ ድረስ እንከን የለውም። ሲታጠብ መጀመሪያ ቀዩ ይለቃል፣ ከንፈርና ጉንጭ ይሄዳል፣ ሰዉ ሁሉ አረንጓዴ በሽተኛ ይሆናል። አንዴ ሲደገም ፊቱም ይከተላል። የዘበኛው መሐረብ ላይ በመጨረሻ የተረፈው ጢሙ ብቻ ነው፤ ጥቁር ቀለም ጨካኝ ነው፣ አይለቅም። ይህን ሲነግሯቸው ጥፋተኛው ምንጊዜም አጣቢው ነው። በምን ውሃ ታጠበ፣ ማን አሸው፣ በምን ሳሙና እያሉ መርምረው ሲያበቁ እንደ ጥንቱ ይፈርዳሉ፤ ወድቀሃል፣ ከወር በኋላ ተመለስ።

እትዬ መጋረጃ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ የስፌት መኪናቸው ከፕሪንተሩ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ነው የሚውለው። ባለፈው ሰሞን ለአንዲት ሙሽራ ቤት የሚሆን የመጋረጃ ገበር ቆርጠው፣ አጣጥፈው፣ ጠዋት ሊሰፉት አስቀመጡ። ጠዋት ሲዘረጉት መሐሉ ላይ የወረቀት መጠን ያለው ክፍተት አገኙ። የተቆረጠው ቁራጭ ወንበር ላይ ተኝቷል፤ ላዩ ላይ አንድ የሚያምር የአደባባይ ፎቶ አለ።

እትዬ አልጮኹም። የተጣሩት እኔን ነው፣ በመስኮት። ወጣሁ። ጋሼ ፈታኙ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆመዋል።

“አንተ ሰውዬ ስንቱን ፈትነሃል” አሏቸው እትዬ። “አሁን ተራው የአንተ ነው።”

ደንቡን አስቀመጡ። ጋሼ ፈታኙ የፈለጉትን አንድ ሥራ ያትማሉ። ሥራው እንደ ማንኛውም የሰው ልብስ በማሽን፣ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙና ይታጠባል። ምስሉ ከተረፈ ፕሪንተሩ ይኖራል። ከለቀቀ ቅዳሜ የእትዬ ወንድም መጥቶ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይወስደዋል፤ ጠረጴዛውም ወደ ምግብ ይመለሳል። አጣቢው ማን ይሁን ሲባል፣ ጋሼ ፈታኙ በእንባቸው ነው የሚያጥቡት፤ እትዬ ቢያጥቡ ደግሞ አድልዎ ይባላል። ስለዚህ ገለልተኛ ወገን ተፈለገ። ያ ፕሪንተር በራሴ አናት ላይ ሲያጓራ ስንት ጠዋት የቀሰቀሰኝ፣ ስንት ጊዜ አቤት ያልኩ፣ ሁለት የትራስ ልብስ የጠፋብኝ እኔ ገለልተኛ ተባልኩ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ከላይ ድምፅ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ካውያ ሲቀመጥ ብቻ ነው የሚሰማው። ዓርብ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ፈታኙ ጨርቁን በትሪ ላይ አጋድመው፣ ሌላ ጨርቅ አልብሰው ይዘው መጡ። ሰጡኝና ሄዱ። ሁለት ደረጃ ወጥተው ዞሩ።

“ሳሙናው እንኳ ብዙ ባይሆን…” ብለው ጀመሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። “አይ፣ ይቅር። ተፈታኝ አይናገርም።”

ደረጃውን የእጅ መያዣውን ይዘው ነው የወጡት። ከዚያ በፊት ይዘውት አይቼ አላውቅም።

ጨርቁን ገለጥኩት። አደባባይ ነው ብዬ ነበር፣ ወይም ምልክት። እትዬ ናቸው። እዚያ ቤት የተሰቀለው የእትዬ ፎቶ ሁሉ ለፓስፖርት የተነሱት ነው የሚመስለው፤ እኔም የሚስቁ አይመስለኝም ነበር። እዚህ ግን ስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ አንገታቸው ላይ ሜትር እንደተንጠለጠለ፣ ራሳቸውን ወደኋላ ጥለው አፋቸውን ሞልተው ይስቃሉ። ማን እንዳሳቃቸው ግልጽ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ሰው ነው። ሰውየው በዚህ ሁሉ ዓመት ሲስቁ የያዛቸውን አንድ ፎቶ አውጥቶ ፈተና ላይ አቅርቦታል። ከንፈራቸው ደግሞ ቀይ ነው። መጀመሪያ የሚለቀው ቀይ ነው።

ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ሳሙና ጨመርኩ። ሙቀቱን እስከመጨረሻው አዞርኩት። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ነገን አሰብኩት፤ ጸጥታ፣ ሙሉ የትራስ ልብስ፣ እስከ ፈለግኩት ሰዓት መተኛት። ቀጥሎ ጋሼ ፈታኙ ታዩኝ፤ ፕሪንተሩ ከመምጣቱ በፊት እንደነበሩት በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ታች መኪና የሚያቆመውን ሰው ሁሉ ማንም ሳይጠይቃቸው በዝምታ ሲጥሉ።

አወጣሁት።

ሳፋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁ። ስልኬን ግድግዳ አስደግፌ ያን ቪዲዮ ከፈትኩ፤ አዎ፣ ያንኑ ቪዲዮ፣ እኔው። አትሹት ይላል፤ አላሸሁም። ውሃው በደንብ ይቀዝቅዝ ይላል፤ ከማቀዝቀዣ በረዶ አውጥቼ ጨመርኩ። አስር ጣቴ እስኪደነዝዝ እትዬን እንደ ሕፃን በመዳፌ ላይ አንሳፈፍኳቸው። ውሃው ትንሽ ሮዝ ሲሆን እጄን ገታሁ። “በቃ እንግዲህ፣ እዚያው ቁሚ” አልኳት ቀለሟን፣ ጮክ ብዬ። ቆመች።

ጠዋት ይዤው ወጣሁ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ሄዱ። በፊት አዩት፣ በጀርባ አዩት፣ ጠርዙን ሳብ ሳብ አደረጉት። ከንፈሩ ጥቂት ፈዟል፤ ሳቁ ግን ሙሉ ነው። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ጨርቁን ነው ያዩት ወይስ ራሳቸውን፣ አላውቅም። ጋሼ ፈታኙ በሩ አጠገብ እንደቆሙ ናቸው።

“በሙቅ ነው ያጠብከው?” አሉኝ እትዬ።

“እንዴ እትዬ፣ በፈላ ነው እንጂ።”

ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ እጄን ሰጠኋቸው። ያዙት። ትናንት ብቻ አልነበረም፤ ጠዋትም ሳሙናው እንዳይቀር ብዬ ደግሜ አለቅልቄው ነበር። ጣቶቼ እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል፣ ጫፋቸው ተጨማዷል። እትዬ እጄን አልለቀቁትም። ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ።

“በሙቅ ነው የታጠበው” አሉ። “አልፈሃል።”

ጋሼ ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። ሌላ ሰው ቢሆን ያመሰግናል። እሳቸው ግን ፈተናው በደንቡ መካሄዱን ለተመልካቹ ሁሉ፣ ማለትም ለእኔ፣ አረጋገጡና ወደ ፕሪንተሩ ሄደው ክዳኑን እንደ ፈረስ ጀርባ መታ መታ አደረጉት። በዚያው ስለ መጋረጃ ማውራት ጀመሩ፤ ሙሉ መጋረጃ፣ ቁራጭ በቁራጭ እየታተመ፣ የሕንጻው ሰው ሁሉ ፊት ያለበት።

እትዬ እስከ በሩ ሸኙኝ። ሊዘጉ ሲሉ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ ባላቸው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ሌላ ጊዜ ጓንት አድርግ።”

ገዝቻለሁ።