አብሮ ያረገዘው ባል

ነፍሰ ጡር ሴት ሰው አታስቸግርም። የሚያስቸግረው አብሯት የሚያረግዘው ባሏ ነው። እሷስ በዘጠኝ ወሯ ትገላገላለች፤ እሱን የሚያዋልድ ሐኪም ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው የሰፈሩ ፋርማሲስት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ከባንኮኒ ኋላ ቆማ ስንት እርጉዝ ባል አስተናግዳለች፤ የሚያለቅስ አይታለች፣ ከሚስቱ ቀድሞ ያስመለሰው አይታለች። እንደ ክቡር አሠልጣኙ ያለ ግን አልገጠማትም።

ክቡር አሠልጣኙ መኪና መንዳት ያስተምራል። ሥራው ከተማሪው ጎን ተቀምጦ፣ በእሱ በኩል የተገጠመችውን ሁለተኛ ፍሬን መርገጥ ነው። ሲረግጥ ከመኖሩ የተነሳ ምሳ ሲበላ እንኳ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይጫናል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን መፀነሷን የነገረችው ዕለት ደግሞ ፍሬኑን ይዞ ቤቱ ገባ።

መጀመሪያ የመጣው የራስ ምታት ክኒን ወረቀት ይዞ ነበር። ክኒኑን አይደለም፤ ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚገኘውን፣ ሰው ሳያነበው የሚጥለውን ወረቀት።

"እህቴ፣ 'እርጉዝ ከሆኑ ባለሙያ ያማክሩ' ይላል። ይኸው መጣሁ፣ አማክሪኝ።"

"ሚስትህን ራሷን አሟታል?"

"ኧረ ደህና ናት! ምናልባት ካመማት ብዬ ነው።"

በማግስቱ የጥርስ ሳሙና ይዞ መጣ። "ብትውጠውስ?"

"የጥርስ ሳሙና ማን ይውጣል?"

"በስህተትስ? ሰው እኮ የሚጋጨው ሁሌም በስህተት ነው።"

በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ለማቅለሽለሽ ብላ የላከችውን ቅጠል በፌስታል አስሮ፣ እንደ ቦንብ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ደረሰ። እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ነበር። "ቅጠል ስለሆነ ብቻ ለነፍሰ ጡር ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ምንነቱን ካላወቃችሁ ይቅርባት" አለችው ፋርማሲስቷ። ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ወጣ። በአራተኛው ቀን ራሱን ያመመው እሱ ነበር፤ ክኒኑን መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ "እኔ ብውጠው ጽንሱን ይጎዳዋል?" አላት።

"አንተ ብትውጠው?"

"አንድ አልጋ ላይ ነው እኮ የምንተኛው።"

አንድ ቅዳሜ ሰልፉ በሩን አልፎ፣ ሕፃናት እያለቀሱ፣ እሱ ስለ ጫማ ቀለም ሽታ ሲጠይቃት ትዕግሥቷ ተሟጠጠ።

"ስማ ወንድሜ፣ እኔን ሳትጠይቅ ምንም ነገር እንዳታስወስዳት! በቃ! አሁን ሂድልኝ!"

አመስግኖ ሄደ። ከዚያም አራት ቀን ጠፋ። ፋርማሲስቷም እፎይ አለች።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣና አንዲት ሰማያዊ ዕቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። በአፍ ተይዞ የሚነፋ የአስም መድኃኒት ነበር።

"የዚህም ወረቀት 'እርጉዝ ከሆኑ ያማክሩ' ይላል" አለ በኩራት። "እንዳልሽኝ ቅዳሜውኑ ነጠቅኳት። የት ነው የሚጣለው?"

ፋርማሲስቷ ዕቃዋን ብድግ አደረገች። "ሚስትህ አስም አለባት?"

"ከልጅነቷ ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝም።"

እውነቱን ነው። ያን ሁሉ ጥያቄ ስትመልስ፣ ሚስቱ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ አንዴ እንኳ አልጠየቀችውም።

"አሁን እንዴት ናት?"

"ደረቷ ትንሽ ያፏጫል፣ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ግን መድኃኒት የሚባል ነገር አልነካችም!"

"አንተ ሰው! እናቲቱ ትንፋሽ ካጠራት ልጁ ከየት አምጥቶ ይተነፍሳል?"

የአሠልጣኙ ፊት ዐመድ መሰለ። እሷ ደንበኞቿን አስወጥታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ሰማያዊዋን ዕቃ ይዛ ስትወጣ የማሠልጠኛዋ መኪና ደጅ ቆማለች። መሪው ላይ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛ ትምህርታቸው ነው። አሠልጣኙ ከድንጋጤው የተነሳ በለመደው በኩል ከጎናቸው ገባ። ፋርማሲስቷም ከኋላ።

"ይንዱት!" አለ።

"ወዴት?"

"ወደ ቤቴ! በፍጥነት!"

"ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አላስተማርከኝም እኮ!"

"ይኸው አሁን ላስተምርዎት!"

መምህርቷ ጸሎታቸውን አድርሰው ነዱት። አንድ የቆሻሻ በርሜል ጣሉ። አሠልጣኙ ቀኝ እግሩ እንዳይከዳው በሁለት እጁ ከወለሉ አንስቶ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀምጦ ነበር።

ሚስቱ የአልጋው ጠርዝ ላይ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ አገኟት። አንድ ቃል ተናግራ፣ ትንፋሽ ስባ፣ ሌላውን ቃል ትፈልጋለች። ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን እየነፋችላት፣ እየጠበቀች፣ ደግማ እየነፋችላት ወደ መኪናው ወሰዷት። መምህርቷን ከመሪው ይውረዱ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ሰጧት። ሐኪሙ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጎ አዳመጠ።

"ልቡ ይመታል" አለ ሐኪሙ። ከዚያ ወደ ባልየው ዞረ። "አማክሩ ማለት አቁሙ ማለት አይደለም። ለሚስትህ የባሰው አደጋ አስሙ ነው፤ መድኃኒቱን ትቀጥላለች።"

ሚስትየው ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ ያለችው፣ "እሱን ብቻ አትቆጡት፤ ወረቀቱን እኔም አንብቤ ፈርቻለሁ" የሚል ነበር።

አሠልጣኙ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ፋርማሲስቷ አጠገቡ ቁጭ አለች።

"ጥፋቱ የእኔም ነው" አለችው። "ሰልፉን ላሳጥር ብዬ ነው እንደዚያ ያልኩህ። የምትጠይቀኝ ነገር አለ?"

"የለም" አለ።

ካየችው ሁሉ ይሄ አስፈራት። "ጠይቅ እንጂ!" አለችው ትከሻውን እየነቀነቀች። "ኧረ ስለ ጫማ ቀለሙም ቢሆን ጠይቀኝ!"

ልጅቷ በጊዜዋ፣ ደህና ሆና ተወለደች። አሠልጣኙም ጠፋ። ፋርማሲስቷ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ማለት ጀመረች፤ የሚመጣው ግን መድኃኒቱን ተቀብሎ፣ ወረቀቱን ደጃፏ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት አሠልጣኙ ልጅቷን ታቅፎ ገባ። ፋርማሲስቷ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ደረቅ ብስኩት ትቆረጥም ነበር። ትክ ብሎ አያት።

"ስንት ወርሽ ነው?"

"ሦስት ሊሆነኝ ነው" አለች እየሳቀች። የገዛ ባሏ ዜናውን ሲሰማ፣ "አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ምን ይጠፋሻል" ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ ነበር።

"የምትወስጂው መድኃኒት አለ?"

"ለደም ግፊት አንድ አለኝ።"

"ሐኪምሽ ማርገዝሽን ያውቃል?"

ብስኩቱን አስቀመጠች። ለሌላው በቀን አሥር ጊዜ የምትመክረውን፣ ለራሷ ነገ ነገ ስትል ሳምንታት አልፈዋል።

"ደውይ" አላት።

"ሰልፉ..."

"ሰልፉ ይቆማል!"

ደወለች። ሐኪሟ ስልኩን ሲያነሳ የምትለው ጠፋት። አሠልጣኙ ልጅቷን በአንድ እጁ ይዞ፣ ከባንኮኒው ማዶ በከንፈሩ ይመራት ጀመር፦ የክኒኑ ስም፣ ስንት ሚሊግራም፣ ከመቼ ጀምሮ። እሷም በሥራዋ የበሰለችው ባለሙያ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ አንድ በአንድ ተከትላው አለች። ሐኪሟ በዚያው ዕለት ክኒኑን ቀየረላት።