ወባ ነው አልኋቸው

በአገራችን መስኮት የሚሠራው ለመዘጋት ይመስለኛል። አናጢው ለፍቶ ያበጀዋል፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንዘጋው እንኖራለን። ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቀን፣ አንዱ በሌላው ትንፋሽ እየተቀቀለ፣ ጣት የምታህል ክፍተት ብትገኝ «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ገባ!» የሚል ከኋላ ወንበር አይጠፋም። እኔም አንዷ ዘጊ ነበርሁ፣ አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ከውስጤ እሳት እስኪነሣብኝ ድረስ።

እሳቱ ከደረቴ ይጀምራል። አንገቴን ይዞ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ ላቤን በአገጬ ያንጠባጥበዋል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቶኝ ይሄዳል። ሐኪሟ «የወር አበባሽ ሊቆም ነው፤ ትንሽ ቀደመብሽ እንጂ በሽታ አይደለም» አለችኝ። ትንሽ አለች እናንተዬ!

ለባሌ ነገርሁት። ለእናቱ ግን እንዴት ብዬ? እማማ ጣና ሐይቅ ላይ፣ ደቅ ደሴት የሚኖሩ የመሪጌታ ሚስት ናቸው። እኔ የወለድሁት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ በስልክ ባገኙኝ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥለው «አንድ ድገሚልኝ እንጂ» ይሉኛል። እኔም «እግዜር ያውቃል» እላለሁ። እግዜርማ ያውቅ ነበር። እሳቸው ሲያውቁ ፊታቸው የሚሆነውን ማየት ነው የፈራሁት።

መሥሪያ ቤት ላብ አይደበቅም። ዐርብ ዕለት ስብሰባ መካከል ፊቴን በአጀንዳው ወረቀት ሳራግብ የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ይበልጣል «ምን ሆነሽ ነው?» ቢሉኝ፣ «ወባ ነው» አልኋቸው። ባሕር ዳር ላይ «ወባ ነው» ያለን ሰው ማንም አይመረምረውም። «ሂጂ ተኚ» ብለው ወደ ቤቴ ሰደዱኝ። በማግስቱ ባልደረቦቼ ብርቱካንና ሙዝ አንጠልጥለው፣ ዓባይ ማዶ ቤቴ ድረስ ሊጠይቁኝ መጡ። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ እማማ በጀልባ ተሻግረው መጥተው ነበር።

መተኛት ግድ ሆነብኝ። ጋሽ ይበልጣል ገና ከመግባታቸው መስኮቶቹን ሁለቱንም ዘጉ። አንዷ ጋቢ ደረበችልኝ፣ ሌላዋ ብርድ ልብስ። እሳቱም እንደ ተቀጠረ ሰው ከች አለ። «አያችሁ፣ ትኩሳቷ ተነሣ!» ተባለና ሌላ ጋቢ ተጨመረ። ላለቅስ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እማማ ከጥግ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ ብድግ አሉና አንደኛውን መስኮት ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ኧረ እማማ፣ ብርድ ይመታታል!» አሉ ጋሽ ይበልጣል።

«እኔን ሞቆኝ ነው» አሉ እማማ። በእድሜ የገፉ እናት ሞቀኝ ካሉ ማን ይከራከራል? መስኮቱ እንደ ተከፈተ ቀረ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እማማ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔንም ባርባዬ ነው የጀመረኝ» አሉ። «የቀዳሁትን ውኃ እደፋና እንደገና ልቀዳ ብዬ ሐይቁ እወርድ ነበር። እስካንገቴ ገብቼ እቆማለሁ።»

«መሪጌታስ ምን አሉ?»

«ወባ ነው አልኋቸዋ! እስከ ዛሬም ወባ ነው የሚመስላቸው።»

ሳቅሁ፣ ሳቁም ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ከዚያ የፈራሁትን ነገር ራሴው አነሣሁት።

«እማማ፣ ያ ድገሚልኝ የሚሉት ልጅ እንግዲህ...»

«የምን ልጅ?» አሉኝ፣ ጋቢዎቹን ከላዬ አንድ ባንድ እያነሡ። «ይልቅ ያኛውንም መስኮት ልክፈትልሽ?»