ዶሮ ይዤ እንግድነት የሄድኩ ዕለት

የዚያን ዓርብ መሐል ሜዳ እትዬ በላይነሽ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ የቤቱ እመቤት እትዬ በላይነሽ፣ እሳቸውም የባለቤቴ አክስት ናቸው፤ ባላቸው ጋሽ ተክሌ፤ ልጄ ትዕግሥት፤ እኔ፤ እና ግራዝማች። አምስት ነን ማለት ነው። ግራዝማች ዶሮ ናቸው። «ዶሮ ከሰው ይቆጠራል ወይ?» የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ ብንለያይ ይሻላል፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በዚያ ቤት እሳቸውን ከሰው የምቆጥር እኔ ብቻ በመሆኔ ነውና።

አንድ ነገር ልንገራችሁ… ይሉኝታ ያለበት ሰው ዶሮ ማርባት የለበትም! ወይ ዶሮውን ይተው፣ ወይ ይሉኝታውን። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ እንደኔ ይሆናል።

ግራዝማችን ላስተዋውቃችሁ። ድንክ ዶሮ የሚባል ዘር አለ። የሙሉ ዶሮ ወግ ሁሉ አለው፤ አናቱ ላይ ቀይ ዘውድ፣ ረጅም ጅራት፣ ኩራት… ቁመቱ ብቻ ከጣሳ አይበልጥም። አምና ትዕግሥት ከደብረ ብርሃን አንድ ወንድና አንድ ሴት በካርቶን ይዛልኝ መጣች። «እማዬ፣ መጫወቻ ይሁኑሽ» አለችኝ። በእኛ አገር በግ ለፀጉሩ፣ ፈረስ ለመንገድ፣ ዶሮ ለበዓል ነው፤ ዶሮ ለጨዋታ ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ጎጆ የገባሁ ሴት ነኝ፤ ስለ ጨዋታ የማውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ጨዋታውን እንደ ሥራ ያዝኩት።

ወንዱ ደረቱን ነፍቶ ሲራመድ ባየሁ ጊዜ «ግራዝማች» አልኩት። ማዕረግ ከሰጡ በኋላ «አንተ» ማለት አልሆነልኝም፤ አንቱ አልኳቸው። ባለቤቴ ተቀየመ።

«ሃያ ዓመት ስንኖር እኔን አንድ ቀን አንቱ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አንተም ከሳቸው ቀድመህ ተነስና እልሃለሁ» አልኩት።

የእኛን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከጓሳ የሚወርደው ንፋስ በጉን ከነፀጉሩ ያንቀጠቅጣል። ታዲያ እሳቸውን ምን ሊያደርጋቸው ነው ብዬ፣ በበግ ፀጉር ከተሠራው ከአሮጌው ባናችን ቁራጭ ቀድጄ ካፖርት ሰፋሁላቸው። ጭልፊት እንዳይወስዳቸው ወደ ውጭ ሲወጡ ጃንጥላ ይዤ ከኋላ ከኋላቸው እሄዳለሁ። ሸለምጥማጥ እንዳይገባባቸው የማደሪያቸውን በር በሁለት መወርወሪያ ዘግቼ፣ ደግሞ ድንጋይ አስደግፌ፣ ደግሞ ተመልሼ አያለሁ። ጎረቤቶቼ አጥር ላይ ተደግፈው «ይሄ ጫጩት መቼ ነው የሚያድገው?» ይሉኛል።

«ጨርሰዋል» እላለሁ።

በዚህ መሐል ትዕግሥት አንድ ቀን እየሮጠች መጣች። መሐል ሜዳ የእንስሳት ትርዒት ይደረጋል፤ ዶሮም ይወዳደራል፤ ግራዝማችን አስመዝግቤያቸዋለሁ አለችኝ። ትርዒቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እኛ ያለነው ከዘመሮ ወዲያ ስለሆነ ዓርብ ሄዶ ዘመድ ቤት ማደር ግድ ሆነ። እኔም ዝግጅት ጀመርኩ። ለብ ባለ ውሃ አጠብኳቸው። እሳት ዳር አስቀምጬ አደረቅኳቸው። እግራቸውን ቅባት ቀባሁ። ገብሳቸውን በከረጢት ቋጠርኩ። የሰው አገር ውሃ ሆዳቸውን እንዳያውክ ብዬ የግቢያችንን ውሃ በጠርሙስ ያዝኩ። ለእትዬ በላይነሽ ደግሞ አንድ ገንቦ ቅቤ አዘጋጅቼ እንዳልረሳው በሩ ሥር አስቀመጥኩት። ሚኒባሱ ግማሽ መንገድ እንደሄደ…

«ቅቤው!» ብዬ ጮህኩ።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። «ምንድን ነው? ሰው ወደቀ?»

«ኧረ አይደለም፤ ቅቤ ቤት ቀረ።»

«እናቴ፣ ለቅቤ ፍሬን አያስይዙም!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፍስሼ እንኳ ልለቅም አልቻልኩም፤ ቅቤው አገር ቤት፣ እኔ መንገድ ላይ።

እትዬ በላይነሽ በር ላይ ጠበቁን። ገና ጉንጬን ሳይስሙኝ ዓይናቸው ቅርጫቱ ላይ አረፈ።

«ውይ! ምነው ልጄ… ባዶ እጅሽን ብትመጪስ! ምን አስቸገረሽ!» ብለው ቅርጫቱን ከእጄ ተቀበሉኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት። በእኛ አገር ዶሮ ይዞ ዘመድ ቤት የገባ ሰው ዶሮውን ይዞ አይወጣም። ዶሮ ይዞ መግባት «እነሆ» ማለት ነው፤ ሌላ ፍቺ የለውም። «የለም እትዬ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም፤ እርስዎ ዘንድ የመጣሁት ባዶ እጄን ነው» ይባላል? እናንተ ትላላችሁ? እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከውስጡ የወጣው ግን «ኧረ ይቺ ምን አላት!» የሚል ሆነ።

ትዕግሥት በክርኗ ጎሸመችኝ። «እማዬ! ንገሪያቸው እንጂ!»

«አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔ ልጅ ነኝ፤ አያምርብኝም።»

«እኔም ምራት ነኝ፤ አያምርብኝም።»

እንዲህ ስንባባል እትዬ ወንበር እየሰጡን «ዛሬ ዓርብ ሆነብን እንጂ አሁኑኑ ነበር» አሉ። «ግድ የለም፤ ነገ በጠዋት ተክሌ ይባርክልናል።» ጋሽ ተክሌም ይህን እንደሰሙ ካራቸውን አውጥተው ድንጋይ ላይ መሳል ጀመሩ። ጾም ረዘመብን እያላችሁ የምታማርሩ ሰዎች አላችሁ። እኔ ያን ቀን ዓርብ ሁለት ወር ቢሆን ደስ ባለኝ!

ጋሽ ተክሌ መሳሉን ተወት አድርገው ቅርጫቱን ከፈቱ። ግራዝማችን አዩ። ካፖርቱን አዩ። እንደገና ግራዝማችን አዩ።

«በላይነሽ፣ ይሄ ዶሮ ነው ቆቅ?»

«ዶሮ ነው እንጂ! የሰው ስጦታ አትናቅ።»

«አልናቅሁም። አሥራ ሁለቱን ብልት እንዴት እንደምታወጪለት ጨንቆኝ ነው። መነጽሬን ላውስሽ?»

ቀዳዳ ያገኘሁ መሰለኝ። «እውነታቸውን ነው እትዬ፣ ለአራት ሰው አይበቃም» አልኩ።

«እንቁላል እንጨምርበታለን።»

«ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ ሥጋው አይበስልም።» ይህን ስል ግራዝማች ከቅርጫቱ ውስጥ አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንጨት ሞልቶን! እስኪበቃው ይንተክተክ።»

«ሰሞኑንም ትንሽ አሞት ነበር…»

«ታዲያማ ሳይሞት ነው እንጂ! ተክሌ፣ በደንብ ሳለው!»

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ አሉ። ዶሮስ በእግሯ ነው የጫረችው፤ እኔ በምላሴ! ካራው ድንጋዩ ላይ ፏጭ ፏጭ ባለ ቁጥር ቅርጫቱን በእግሬ ወደ ራሴ ሳብ አደርጋለሁ። በመጨረሻ ምላሴ እኔን ሳያማክር፣

«ስለት ነው!» አለ።

ካራው ቆመ። እትዬ አማተቡ።

«ለማን የተሳልሽው?»

«ለ… ለጊዮርጊስ።»

«ለኛው? እዚህ ላለው?»

«እዚህ ላለው።»

«ስለ ምን?»

ዙሪያዬን አየሁ። ዓይኔ ልጄ ላይ አረፈ። «ስለ ትዕግሥት ፈተና!»

«እሰይ! አለፈች?»

«ኧረ ገና አልተፈተንኩም!» አለች ትዕግሥት።

«አስቀድሜ ነው» አልኩ። «እኔ ነገር አስቀድሜ ነው የምወድ።»

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ቅርጫቱ ፊት ለፊት ተነሱ። «እኔ ደግሞ ለወጥ! ይቅር ይበለኝ… እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ። አለቃውን አውቃቸዋለሁ፤ ከሰው ፊት ነው የምታስረክቢው» አሉኝ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ከካራ አዳንኳቸው ብዬ ሳልተነፍስ ለጨረታ ዳርኳቸው። እኔ ለሰው ይሉኝታ ብዬ ትንሽ እቀጥፍ ይሆናል፤ በጊዮርጊስ ስም ቀጥፌ፣ ከዚያ ልጄን ለፈተና ላስቀምጥ? አልደፍርም! ስለቱ የሐሰት ቢሆንም ፍርሃቱ የእውነት ነው። ደግነቱ ቤተ ክርስቲያን የገባ ዶሮ ለምእመኑ በጨረታ ይሸጣል። እኔው ተጫርቼ አወጣቸዋለሁ፤ ጊዮርጊስም ገንዘቡን፣ እኔም ግራዝማችን እናገኛለን… ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ምን የመሰለ ሐሳብ ነበር! ቅዳሜ ላይ እኔው ራሴ ባላበላሸው።

ቅዳሜ ጠዋት «ለጊዮርጊስ ከመግባቱ በፊት ሰው ይየው» ብዬ እትዬን አስፈቅጄ ወሰድኳቸው። ትርዒቱ ላይ ግራዝማችን በሽቦ ቤት አስገብተው የተሰለፉት ዶሮዎች መሐል አቆሟቸው። ጎናቸው በግ የሚያህል ነጭ የፈረንጅ አውራ ዶሮ ቆሟል። ዳኛው ብዕር የያዘ ወጣት ነው፤ ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«እናቴ፣ ጫጩት ያለ እናቱ አይወዳደርም።»

«እናታቸው እኔ ነኝ!» አልኩ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ትዕግሥት እንደማታውቀኝ ሆና ወደ በጎቹ ሄደች። ዳኛው ሚዛን ላይ ሲያወጣቸው ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። እኔ ወደ መሬት ማየት ስጀምር… ግራዝማች አንገታቸውን አስረዘሙና ጮኹ! ያን ድምፅ ከየት እንደሚያወጡት እግዜር ይወቀው። ነጩ ዶሮ ደንግጦ የሽቦው ጥግ ውስጥ ተለጠፈ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ዳኛውም እየሳቀ «ልዩ ተሸላሚ» ብሎ ጻፈላቸው።

ከዚያ በኋላ አፌን ማን ይያዘው! ለመጣው ሁሉ የግራዝማችን ሙያ ዘረዘርኩ። ከሁሉ ይበልጥ ያዳመጠኝ ከመርሐቤቴ፣ ከአለም ከተማ ጤፍ ጭኖ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ምን ይበላል ይለኛል፤ እነግረዋለሁ። ስንት ሰዓት ይተኛል ይለኛል፤ እነግረዋለሁ።

«እናቴ፣ እንዲህ ያለ ዶሮ አይቼ አላውቅም። አይሸጡልኝም?»

«ልጅ ይሸጣል?» አልኩት በኩራት።

ከኋላዬ እትዬ በላይነሽ ብቅ አሉ። «ይሄማ የስለት ነው የኔ ልጅ፤ ነገ ለጊዮርጊስ ይገባል። ከቅዳሴ በኋላ ናና ተጫረት!»

እሑድ ቅዳሴው እንዳለቀ ግራዝማችን ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ አቆሟቸው። የሚያጫርቱት መሪጌታ ዋጋ ጠሩ፤ እኔ ጨመርኩ። ሹፌሩ ጨመረ። እኔ ጨመርኩ። ሹፌሩ ጨመረ። እትዬ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ጎበዝ ልጄ! አስወጪው ዋጋውን፤ ለቤተ ክርስቲያን ነው!» እያሉ ወገቤን ቸብ ያደርጉኛል። ለካ እኔ ዶሮዬን ለማስመለስ ስፈራገጥ እሳቸው ዋጋ እያስወደድኩ መስሏቸዋል! ትዕግሥትን አየኋት፤ ቦርሳዋን ገልብጣ ሰጠችኝ። የሚኒባሱን መሳፈሪያም ጨመርኩ። ሹፌሩ ፈገግ ብሎ እንደገና ጨመረ። ከዚያ በላይ የምጨምረው ራሴን ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ የሚገዛ የለም።

«በረከት ያድርግልህ!» አሉት መሪጌታ።

ሹፌሩ ግራዝማችን ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ አስቀመጣቸው። ሮጬ ደረስኩና ገብሱ ፈጨት ይበል፣ ብርድ አይንካቸው፣ ጭልፊት… ስለው «እናቴ፣ መርሐቤቴ እኮ ሙቀት ነው» አለኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። የስለት ዶሮ ቀምሶ በረከት ማግኘት የሚወድ ብዙ ነው፤ «ታርዳቸዋለህ ወይ?» ልለው ፈልጌ ነበር። ግን ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ያ ይሉኝታ የሚሉት እንደገና ቀደመኝ።

«በሰላም ግቡ» አልኩ።

መኪናው አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። ልጄ ሚኒባስ ስትሳፈር የሹፌሩን ስም ከነአያቱ የምጠይቅ ሴት፣ ለግራዝማች ግን ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም!

በእትዬ በላይነሽ መሳፈሪያ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ባዶውን ቅርጫት አየና «ግራዝማችስ?» አለኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ገቡ።»

«መነኮሱ?»

አልሳቅሁም። እሱም ፊቴን አይቶ ሳቁን ዋጠው። ይኸው ስንት ቀን ሆነ፤ ሚስታቸው ዶሮዪቱ በሩ ላይ ትቆማለች፣ እኔም ቤት ውስጥ እቆማለሁ።

አለም ከተማና አካባቢዋ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ያን ሹፌር ብታገኙት አትውቀሱት፤ በደንቡ ተጫርቶ ነው የገዛው። እኔ መጠየቅ ያፈርኩትን እናንተ ጠይቁልኝ፤ ግራዝማች በሕይወት አሉ? መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ እባካችሁ ላኩብኝ።