ለቅሶ ቤት የገባው እባብ

ወላሂ አታምኑኝም። እኔም ብሆን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ «ይኼ ሰውዬ ዛሬ ምን ነክቶታል?» ብዬ ተነስቼ እሄድ ነበር። እንዲያው ሳስበው፣ ሰው ሲያዝን ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው የሚፈልግ አለ፣ ሰው የሚሸሽ አለ። እኔ ከፈላጊዎቹ ነኝ። እንኳን ሐዘን ደርሶብኝ፣ ጉንፋን ቢይዘኝ ሰፈር ካልተሰበሰበ አይለቀኝም። ልጄ ሰሚራ፣ እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገችው፣ ከየትኞቹ እንደሆነች ያወቅሁት ግን በእባብ ሰበብ ነው።

እናቷ ዘይነባ በመኸር ሞተችብን። «ሞተች» ስል አሁንም አፌ ስለ ሌላ ሰው ሚስት የሚያወራ ይመስለዋል።

ሰዉ አልተወንም፤ አላህ ይስጠው። ሃውገሩድ ሰፈር ያለችው ቤታችን ጠባብ ናት፤ ግማሽ ወሎ ግን ገባባት። ከሆልምሊያ በባቡር፣ ከሮመን በአውቶቡስ ይመጣሉ። ሦስቱ ቀን አለፈ፤ እነሱ አላለፉም። ወሩ ወጣ፤ እነሱ አልወጡም። የሶፋችን ወገብ ተቆረጠ። አሳንሰሩ ሳይጫኑት እኛ ፎቅ ላይ ይቆም ጀመር ብላችሁ ምን ትሉኛላችሁ? ሐዘናችንን ሊያስረሱን ያወራሉ፣ ይስቃሉ። እኔም አስቃቸዋለሁ። በተወለድኩበት መንደር ሰርግ ያለ እኔ አይደምቅም፣ ለቅሶም ያለ እኔ አይበርድም ነበር። ደግሞ ሰው መሐል ሆኜ ስቀልድ ዘይነባ ማድ ቤት ያለች፣ አሁን ብቅ ብላ «አንተ ሰውዬ፣ አታፍርም?» የምትለኝ ይመስለኛል።

ሰሚራ ግን ክፍሏን ዘግታ ተቀመጠች። እናቷ ከተቀበረች ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ አላየሁባትም። ሕፃናት ከምትጠብቅበት ባርነሃገ ትመለሳለች፣ ሰላም ትላለች፣ ትገባለች። ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ደግሞ «ልጅቷን ብቻዋን አትተዋት፣ ይጠናባታል» እያሉ ይከተሏታል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ሞተ ሰው ሁሉ ያወሩላታል። እሷ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። እናቲቱን ቀብሬ ልጅቷም ድንጋይ ልትሆንብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ግን በራሷ ጊዜ መጥታ «አባ፣ አንድ ነገር ልግዛ?» አለችኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። መርከብም ብትለኝ ዝግጁ ነበርኩ። «እሺ!» አልኳት። «እባብ» አለች። መርከቡ ይሻል ነበር። ግን «እሺ» አንዴ ከአፌ ወጥቷል፤ ደግሞስ ይህች ልጅ ምን እንደምትፈልግ ከነገረችኝ ስንት ጊዜዋ ነው?

ለእባብ ቤት ስናሰናዳ ብታዩን! እኔ ለራሴ ቤት ለማግኘት ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ደጃፍ ላይ ጢሜ ሸብቷል፤ የሱ ግን ገና ሳይመጣ አለቀለት። የመስታወት ሳጥን ሳሎን ተቀመጠ፤ ውስጡ የእንጨት ፍቅፋቂ ተነጠፈለት። አንዱ ጎን ከሥር ይሞቃል፣ ሌላው ጎን ይቀዘቅዛል፤ ጌታው ሲበርደው ወደዚህ፣ ሲሞቀው ወደዚያ እንዲል። ሙቀቱን የሚጠብቅ መሣሪያ አለው፣ የውሃ ገበታ አለው፣ ክዳኑም መቆለፊያ አለው። በየጎኑ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ዋሻ። «መደበቂያ ለምኑ ነው? ማን ይነካዋል?» ብላት መመሪያውን አነበበችልኝ፤ አዲስ ቦታ ሲገባ ይጨንቀዋል፣ ብቻውን ካልተተወ አይበላም። «እንዳትነካው፣ አባ። እንዳታዋራውም» አለችኝ።

የበቆሎ እባብ ይሉታል። ቀይ ነው፤ ከቀበቶ አይወፍርም። እኔ ለሰው ሳወራ ግን ዘንዶ አድርጌዋለሁ። በቆሎ አይበላም፤ ሞክሬዋለሁ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቤታችሁ ገብቶ ጥግ ይዞ ቢያቀረቅር ዝም ብላችሁ ታልፋላችሁ? እኛ ዘንድ እንግዳን ብቻውን መተው ከስድብ ይቆጠራል። ሰሚራ ሥራ ስትሄድ ጠብቄ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ዋሻውን አነሳለሁ፤ «እንዴት አደርክ? ቤቱ ተስማማህ?» እለዋለሁ። ይጠቀለላል። ዓይን አፋር ነው እላለሁ። ከሱቅ የተገዛለትን የሞተ አይጥ አልቀምስ ሲል «ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» ብዬ ለመንኩት። በሞቴ ተብሎ የማይበላ ፍጡር ያየሁት ያኔ ነው።

እሑድ ጠዋት እንደ ልማዴ ጠየቅሁትና ክዳኑን ሳልቆልፍ ተነሳሁ። ከሰዓት ቤቱ እንደ ወትሮው ጢም አለ። ጓደኛዬ ሰይዶ፣ በወጣትነቱ ነብር አንቆ እንደገደለ ሲያወራ የኖረው፣ ሊሄድ ተነሳ። በር ላይ ከተደረደረው ጫማ የራሱን ሲያነሳ እባቡ ውስጡ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጩኸቱ ስዊድን ድረስ ተሰምቷል። እትዬ ፋጡማ «ጂን ነው! በአላህ ስም ውጣ በሉት!» እያሉ ከሱ በፊት እሳቸው ወጡ። ሕዝቡ በካልሲው በረዶ ላይ ፈሰሰ። ሰሚራ ከክፍሏ ወጥታ እባቡን በሁለት እጇ አንስታ ቤቱ አስገባችና ቆለፈችበት። ሰይዶ ጫማውን እስከ ዛሬ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ጠፋ። ይደውላሉ፤ «ያ ነገር አለ?» ይላሉ። አለ ስላቸው «እንግዲህ አላህ ያጥናችሁ» ብለው ይዘጋሉ። ቤቱ ጭር አለ። ማድ ቤቱን ባየው ማንም የለም። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው መሐል ሆኜ ስጠብቃት የነበረችው ሴት እንደማትመጣ ያወቅሁት ያኔ ነው። ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ለማን ይመጣል?

እንዲህ ተቀምጬ ሳለሁ ሰሚራ ከክፍሏ ወጣች። ሳጥኑን አየችና «በልቷል» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ዘይነባ ትቀመጥበት የነበረው ሶፋ ጥግ ላይ ተቀመጠች። «እማ…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። እንባዋ መጣ። የኔም ተከተለ። ያ ሁሉ ሰው ሲመጣ ሲሄድ አልቅሰን የማናውቀውን ለቅሶ አለቀስን። «በቃ፣ በቃ፣ ተዉ» የሚለን አልነበረም።

ሲወጣልን አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠርጌ፣ እንዲያው ነገሩ ከንክኖኝ፣ «ልጄ፣ የሚያጽናናሽ እንስሳ ከፈለግሽ ምናለ ድመት ብትገዢ? ይኸው ሰዉ ሁሉ ቀረብን» አልኳት።

«ናይ፣ አይሆንም፣ አባ!» አለችኝ ከነእንባዋ፤ «ድመት ብገዛማ እሷን ሊያዩ ደግሞ ይመጡብን ነበር!»