የማይወርደው ኮርቻ

በአስመራ ሰው ይሞታል እንጂ ብስክሌት አይሞትም፤ በየሰፈሩ አንድ አስነሺ አይጠፋም። በእኛ ሰፈር ሹመቱን የያዙት አያ ዑቅባይ ናቸው። እኔ "ሊቀ ዝገት" እላቸዋለሁ።

ሊቀ ዝገት የሟች ወንድማቸውን የምህረትአብን የእሽቅድምድም ብስክሌት ከዶሮ ቤት ካወጡ ወዲህ ጎረቤት ሰላም የለውም። "አዲስ እቃ አይታመንም!" ይላሉ፤ የማይታመነው ኪሳቸው መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ዝገቱን በአመድና በሎሚ ፈተጉት፤ ሎሚው የእኔ ነበር። ሰንሰለቱን በላምባ ዘፈዘፉት፤ ላምባውም የእኔ። የመሪው መጠቅለያ ከባለቤታቸው የዝናብ ካፖርት ተቆረጠ፤ ወይዘሮዋ ያን ክረምት ዣንጥላ ሲለምኑ ከረሙ። የአሮጌ ብረት ገበያው መደበር ሄደው ለአንዲት አሮጌ ብሎን ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ቀጥቃጮቹ ሲታክታቸው እንዲሁ ይሰጧቸዋል።

ኮርቻውን ማውረድ ብቻ ቀረ። ምህረትአብ መለሎ ነበር፤ የአያ ዑቅባይ እግር ፔዳሉ ጋ አይደርስም።

የከተማው አንጋፋ ብስክሌት ጋላቢዎች በዓመት አንድ እሁድ ሟቾቻቸውን ያስባሉ፤ የሟቹ ብስክሌት በዘመዱ እግር መነዳት አለበት። ዘንድሮ ተራው የምህረትአብ ነው።

የአንጋፋዎቹ አለቃ አቶ ባራኺ መጡ።

"ዑቅባይ፣ ኮርቻውን አውርደህ ትነዳለህ አይደል?"

"ዘንጉን ዝገት ነክሶታል። በመዶሻም አልሆነ።"

"አይ አንተ! በስተርጅና ዝገት አሸነፈህ?"

አያ ዑቅባይ አንገታቸውን ደፉ። እኚህ አፈኛ ሰው ስድብ ሲውጡ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ አያ ዑቅባይ ጨርቅ ፍለጋ ጓዳ ሲገቡ ልገላግላቸው ብዬ መፍቻ አነሳሁ። ብሎኑ በጣት ላላ። ዘንጉ ዘይት ጠግቧል፤ ምንም የነከሰው ነገር የለም። ኮርቻው በቆመበት ልክ ላይ በቢላ የተጫረ አሮጌ ምልክት አየሁ፦ የምህረትአብ ቁመት። ቶሎ ብዬ እዚያው ምልክት ላይ መልሼ አጠበቅኩት።

"ነካካኸው እንዴ?" አሉኝ ከበሩ ላይ።

"ሞክሬው ነበር፣ አያ። ምን ዓይነት ዝገት ነው! ንቅንቅ አይልም።"

ትክ ብለው አዩኝ።

"አላልኩህም?" አሉ ቀስ ብለው።

እሁድ ከተማውን ጉም ውጦት ነበር። ሌሎቹ ሲነዱ አያ ዑቅባይ ብስክሌቱን እየገፉ በእግራቸው ተከተሉ፤ እጃቸው ከባዶው ኮርቻ አልተነሳም። እኔም አጠገባቸው ሄድኩ።

አቶ ባራኺ ዞረው፣ "አሁንም እምቢ አለ?" ሲሉ ጮኹ።

"ዝገት ነው!" አልኳቸው።