የግማሽ ውሃ ውሳኔ

ኮሚቴ ያለው ፋብሪካ ምንኛ የታደለ ነው! የሳሙና ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አልቆበት ለአራት ወር ሲዘጋ ሠራተኛው ሁሉ ረፍት ወጣ፤ አባ እንፋሎት ብቻ ቀረ። ሃያ ዓመት ለማሽኖቹ እንፋሎት የሚያፈላውን ቦይለር ሲያነድ የኖረ ሰው ነውና፣ ሥራ በፈታ ቦይለር ሆድ ውስጥ ውሃና አየር ከተገናኙ ብረቱን ዝገት እንደሚጨርሰው ያውቃል። ቦይለሩ ከተበሳ ፋብሪካውም አይከፈት፣ እሱም ሥራ የለው።

ስለዚህ ለኮሚቴው ማመልከቻ ጻፈ፦ «ወይ ጨርሶ ይድረቅ፣ ወይ የዝገት መከላከያ መድኃኒት ባለው ውሃ እስከ አፉ ይሞላ።»

ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት ገመገመ። ግማሹ አባል «ይድረቅ»፣ ግማሹ «ይሞላ» አለ። ሰው ማስቀየም የማይሆንላቸው ሊቀመንበር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ሁለቱንም ወገን ባከበረ መልኩ፣ ቦይለሩ በግማሽ እንዲሞላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

«ኧረ ጌታዬ! የሚገድለው እኮ ግማሹ ነው!»

«ወይ ባዶ ወይ ሙሉ! ምን ዓይነት ጽንፈኛ ነህ አንተ ሰውዬ?»

አባ እንፋሎት «እሺ» ብሎ ወጣ። የቦይለር ክፍሉን ከውስጥ ቆለፈና መድኃኒቱን በጥብጦ፣ ውሃው በላይኛው ቧንቧ እስኪፈስ ድረስ ሞላው። በሩ ላይ «በውሳኔው መሠረት» የሚል ወረቀት ለጠፈ።

በአራተኛው ወር ቦይለሩ ተከፍቶ ሲታይ የዝገት ዘር የለበትም። ሊቀመንበሩ በደስታ ብድግ አሉ።

«ይህ የግማሽነት መርሕ ድል ነው! ከዛሬ ጀምሮ በሰባቱም እህት ፋብሪካዎቻችን ተግባራዊ ይሆናል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አባ እንፋሎት አፉን ቢይዝ ማን ያውቅበት ነበር? ግን ሰባቱ ቦይለሮች ታዩትና አላስችል አለው።

«እኔ እኮ እስከ አፉ ነው የሞላሁት» አለ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ግማሹ «ንብረት አድኗልና ይሸለም»፣ ግማሹ «ውሳኔ ጥሷልና ይባረር» አለ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

ደብዳቤው በማግስቱ ደረሰው፦ «ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ከሥራ ተሰናብተዋል። ከሰዓት በኋላ ግን ተሸላሚ ሠራተኛችን ነዎት።»

«ቦይለሩ የሚለኮሰው እኮ ጠዋት ነው» አለ አባ እንፋሎት። የሰማው የለም።

ሥራ በተጀመረበት ቀን ጠዋት፣ ሠራተኛው ሁሉ በቀዝቃዛ ማሽን አጠገብ ተገትሮ አረፈደ። ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆመው፣ ሰዓታቸውን እያዩ፣ የተሰናበተው ሰውዬ እስኪሸለም ይጠብቁ ነበር።